ስሎውኮች ያሰኘኝ መንገድ

ዛሬ ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ በረዶው እንዳይጥለኝ ቀስ እያልኩ ስራመድ፣ ልጄ ጥላኝ ሄዳ "ዳዲ፣ ሃሪ አፕ!" ብላ ጮኸችብኝ። ደሜ ፈላ።

እዚሁ ካልጋሪ ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት የሚያደርሱኝ ወንድ አያቴ ነበሩ። በእኛ ቤት ትልቅ ሰውን ቀድሞ መሄድ ነውር ስለሆነ፣ ጫማቸው ስር የሚንኮሻኮሸውን በረዶ እየሰማሁ ከኋላቸው እጎተታለሁ። አርፍደን ስንደርስ እንግሊዛዊቷ አስተማሪዬ፣ በአገሯ ቀርፋፋ ሰው በሚጠራበት ቃል፣ "ስሎውኮች!" ትለኛለች። ክፍሉ ይስቃል።

አንድ ቀን እያለቀስኩ፣ "አባባ፣ ትንሽ ፈጠን ይበሉ" አልኳቸው።

ጭራሽ ቆሙና መሀረባቸውን አውጥተው ተናፈጡ። "ማን እያባረረህ ነው?" አሉኝ።

ዛሬ ይህንኑ ልጄን ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን መብራቱን ተሻግራ ሄዳለች።