እንጥል ቆራጩ በሰፈራችን

ጣልያን ከመግባቱ በፊት፣ መቱ ገበያ አጠገብ ስንኖር፣ የልጆችን ጉሮሮ የሚዘጋ በሽታ ከተማችን ገባ። ዛሬ ዘጊ አናዳ፣ ሐኪሞቹም ዲፍቴሪያ ይሉታል። ያኔ ግን «እንጥሉ ወርዶበት ነው» ነበር የምንለው። መጀመሪያ የጨው ነጋዴው ልጅ አንገቱ አበጠ፣ ድምፁም ጠፋ፤ ጉሮሮው ውስጥ ነጭ ነገር ታየ። እንጥል ካሉት ደግሞ መድኃኒቱ ብረት ነው።

እንጥል ቆራጩ ደግ ሰው ነበሩ። ጫፉ የተቆለመመ ብረታቸውን በኩታቸው ጠረግ እያደረጉ ከቤት ቤት ይዞራሉ። በሽታውም አብሯቸው ይዞር ነበር። አባቴም ቢሆን የታመመ ሳይጠይቅ አያልፍም፤ የታመመውን ልጅ ስሞ ይመጣና ደግሞ እኛን ይስማል። በሽታው በትንፋሽና በምራቅ እንደሚዛመት፣ የታመመውንም ለብቻ ማቆየት እንደሚገባ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ወደ ሶር ወንዝ በሚወስደው መንገድ በኩል ያለችው ኦሮሞ ጎረቤታችን ደጇን በእሾህ ዘጋች። እናቴ ልትጠይቃት ብትሄድ ከአጥሩ ውስጥ ሆና፣

«ሂን ዱፊና! እትዬ፣ አይምጡብኝ፤ ይህ ነገር እስኪያልፍ ሰው አላስገባም» አለቻት።

በእነሱ ዘንድ ክፉ በሽታ ሲገባ ደጅ መዝጋት ወግ ነው፤ በእኛ ዘንድ ነውር። እናቴ ተቀይማ ተመለሰች።

ትንሹ ወንድሜ ምንም አላመመውም ነበር። እናቴ ግን የእሱን ሞት እያሰበች እንቅልፍ አጣች። «ሳይቀድመን እንቅደመው» አለችና ቆራጩን አስጠራች። ከጨው ነጋዴው ቤት በቀጥታ መጡ። እኔ አራስ ልጅ ሳለሁ ስለተቆረጥሁ ማንም አልነካኝም። እናቴ ራሱን ጉልበቷ ላይ አስተኝታ አፉን ከፍታ ያዘችላቸው። «አለቀ፣ ጎበዝ!» አሉት፤ ብረቱንም ጠረጉ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ጥቂት ቀን ደህና ሰነበተ። አንድ ጠዋት ገንፎውን እንቢ አለ፣ ድምፁም ሻከረ። እናቴ አፉን ከፍታ ነጩን ነገር አየች።

«ሩጪ፣ ጥሪያቸው፤ በደንብ አልቆረጡትም» አለችኝ።

ሮጥሁ። ያገኘኋቸው ሌላ ቤት ነው፤ ምንም ያላመማት ሕፃን አፏን ከፍታ ተራዋን ትጠብቃለች። የወንድሜን ነገር ስነግራቸው «እሺ ልጄ፣ እቺን ልጨርስና» አሉኝ። ሲጨርሱ ይዣቸው ስደርስ የወንድሜ ትንፋሽ ቆሟል።