ባለቤት ያጣ ድምፅ

እኛ ሶዶ ፋይል ሲሰጡህ "ፈቃዱ የታለ?" ብትል ሰው ጤናህን ይጠራጠራል። ፍላሽህን ትሰካለህ፣ ትገለብጣለህ፣ "ተባረክ" ብለህ ትወጣለህ። ጥንቁቆች ነን!

በዚሁ ጥንቃቄ አድጌ ወላይትኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ሠራሁ። የሠራሁት አንደኛ ደረጃ ላስተማሩኝ፣ እንደ እናቴ ለማያቸው መምህሬ ነው። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን የምታነብላቸው ጎረቤታቸው ናት፤ እሷም የከበዳትን ቃል እየዘለለች። "ሳይዘለልብኝ ማንበብ አማረኝ" ይሉኛል።

እኔ ግን ትልቅ ሰው ነኛ! ዓለም ሳያጸድቀው አላስረክብም አልኩ።

ድምፁን ያገኘሁት ቦዲቲ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ኮምፒውተር ቤት ነው። ጥርት ያለ የሴት ወላይትኛ፣ ተዘጋጅቶ ያለቀ ባይነሪ፤ ማሽን ያነበዋል እንጂ ሰው ከፍቶ ውስጡን አያይም። እንደ ዳጣ ነው፤ አንዴ ከተፈጨ ቃሪያውና ዝንጅብሉ ከማን ጓሮ እንደመጣ ማን ይጠይቃል? ከፕሮግራሜ ጋር ጠቅልዬ፣ ማንም በነፃ ወደሚያወርድበት የክፍት ሶፍትዌር ማከማቻ ላክሁት።

የሚጠይቅ ተገኘ። ባሕር ማዶ ያለ የማከማቻው ገምጋሚ፣ "ኮድህ ጥሩ ነው" ብሎ ጻፈልኝ። "ድምፁ ግን የማን ነው? ማንም ወስዶ እንዲቀይረው ባለቤቷ ፈቅዳለች?"

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው! እየተነጫነጭኩ ቦዲቲ ወረድኩ። ባለሱቁ ምን ገዶት፣ "ለዚህ ነው የምትጨነቀው?" ብሎ ያልሠራውን ፋይል፣ የማያውቃትን ሴት ድምፅ በክብ ማኅተም ፈቀደልኝ። እኔም ስሙ ያለበትን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ገምጋሚው "እኚህ ሰውዬ ናቸው በሴት ድምፅ የሚናገሩት?" አለኝ።

ደሜ ፈላ። ይጽደቅ አይጽደቅ ብዬ መምህሬ ቤት ሄድኩና ፕሮግራሙን በስልኬ ከፈትኩት። መዝሙረ ዳዊት ማንበብ ጀመረ።

"አቁመው" አሉኝ። አቆምኩት።

"ይሄ እኮ እኔ ነኝ። ያኔ በሬዲዮ ሳስተምር የተቀዳሁት። ዓይኔ ሲያይ።"

ዕድሜ ድምፃቸውን አጎርንኖት ኖሮ አልለየሁትም። "ከየት አመጣኸው?" ሲሉኝ ስለ ባለሱቁና ስለ ማኅተሙ ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ሳቃቸው አላማረኝም።

"ማኅተም! ስለ እኔ የጠየቀ የለም?"

"አንድ ፈረንጅ ብቻ፣ ቲቸር።"

ነገሩን አስረዳኋቸው። ከፈቀዱ ማንም ይገለብጠዋል፣ ይቀይረዋል፣ ይሸጠዋልም። ካልፈቀዱ አወጣዋለሁ፤ ፕሮግራሙም ድዳ ሆኖ ይቀራል፣ እሳቸውም ወደ ጎረቤታቸው ይመለሳሉ። እምቢ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ፤ ቢሉኝም እውነት ነበራቸው።

"በል ጠይቀኛ" አሉ።

እንደ ተማሪያቸው ተነስቼ ቆምኩና ጠየቅኋቸው።

"ፈቅጃለሁ። ለዚያም ሰውዬ ጻፍለት" አሉኝ፣ ስልኩን በእጃቸው እየፈለጉ። "ባለቤቷ አለች በለው።"