የሻገተው በቆሎ

በጃንሆይ ጊዜ ጎባ ስንኖር ባለቤቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። እኔ ደግሞ ስስታም ነበርኩ፤ ያኔ ቁጠባ እለው ነበር እንጂ ስስት ነው። በአንድ ክረምት ከቆላ ያስመጣነው ጆንያ በቆሎ ጣሪያው አፍስሶበት ሻገተ። ጣይው ብባል እምቢ አልኩ። አጥቤ፣ ምድጃ ዳር አድርቄ አስፈጨሁትና ዳቦ ጋገርኩ። ባለቤቴ አንዴ ገምጦ ተፋው።

"ይሄ ለሰው አይሆንም" አለኝ።

ስለዚህ በየቀኑ ለውሻችን እሰጣት ጀመርኩ። ከዳቦው ከፊሉን በማርያም ዕለት ጠቅልዬ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሚለምኑ አንዲት አሮጊት ወሰድኩላቸው። "ቤትሽ አይጉደል ልጄ" ብለው መረቁኝ። ጽድቁንም ቁጠባውንም ባንድ ዳቦ ያገኘሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

በሳምንቱ ውሻዋ መብል ተወች። ታስመልሳለች፤ ሽንቷ እንደ ጠላ ጠቁሯል፤ ድዷና የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ሆስፒታል ድሬሰር የነበረው ጎረቤታችን መጥቶ ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ አየ።

"ጉበቷ ነው። በሰው ቢሆን የወፍ በሽታ እንለው ነበር። ምን አብልተሻታል?"

ዳቦውን አመጣሁለት። አሽትቶ ፊቱን አጨማደደ።

"መርዝ ሆኗል እኮ! ሌላ ከዚህ የበላ አለ?"

"ማንም የለም" አልኩ። ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም።

ስብ እንዳላቀምሳት፣ የማር ውሃ ቶሎ ቶሎ እንዳጠጣት ነገረኝ። ሪራ ከሚባለው መንደር ማር የሚያመጣልን ሰውዬ ለማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ "በሽተኛ አለብኝ" አልኩት። "ረቢ ሲፍ ሃ ፈይሱ" አለኝ፤ እግዜር ይማርልሽ ማለቱ ነው። አፈርኩ፤ ማሩን ግን ወሰድኩ። ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ በማንኪያ አጠጣኋት። ሦስት ቀን አለቀላት ስንል ቆየን። በአራተኛው በራሷ ውሃ ላሰች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተነስታ እንግዳ ላይ መጮህ ጀመረች፤ ዓይኗም ነጣ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አልረገጥኩም። ዝናቡን አመካኘሁ እንጂ የፈራሁት የአሮጊቷን ዓይን ማየት ነበር። ውሻዋ ከዳነች እሳቸውም አይሞቱም እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። ለውሻዋ ማር የሚያጠጣ እንዳላት፣ ለእሳቸው ግን ማንም እንደሌላቸው አውቃለሁ።

በመጨረሻ ማር በጠርሙስ ይዤ ሄድኩ። ቦታቸው ባዶ ነው። አጠገባቸው ትቀመጥ የነበረችውን ሴት ጠየቅኋት።

"አረፉ እኮ፤ አልሰማሽም? ገላቸው ሁሉ ቢጫ ሆኖ ነበር። እህል አስጠላኝ እያሉም ያንቺን ዳቦ ሰው ሰጥቶኝ አልጥልም ብለው፣ ውሃ ውስጥ እየነከሩ ጨረሱት።"

ማሩን ለእሷ ሰጥቻት ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ውሻዋ በሩ ላይ ዘላ ተቀበለችኝ፤ በእግሬ ገፋኋት።

በፍልሰታ ነፍስ አባቴ ዘንድ ቀርቤ ተናዘዝኩ። ስስታም ነኝ አልኳቸው። ዳቦውን ግን አልነገርኳቸውም።