ከጌሾው ሥር የተቀበረው ፖምፓ

ናፍጣ ሲሸተኝ ሆዴ ይባባል። ሰው ሽቶ ይወዳል፣ እኔ ናፍጣ፤ ምን ላድርግ? ዛሬም ማደያ ጋ ስደርስ መስኮቴን ዝቅ አደርጋለሁ።

ጦርነቱ ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ ሲቃረብ ወንድሜ፣ ዓሣ ወደ ደሴ የምናመላልስባትን አሮጌ ፒክአፕ ማንም አስነሥቶ እንዳይወስዳት የናፍጣ ፖምፓዋን ፈታ። የት እንደደበቀው አልነገረንም። «ካላወቃችሁት ማንም አያናዝዛችሁም» አለንና በዚያው ወጥቶ ቀረ።

መኪናዋ ሦስት ዓመት ቆመች። ዶሮዎች ጋቢናዋ ውስጥ እንቁላል ጣሉባት። ሰው አባቴን «ሌላ ፖምፓ ግዛ እንጂ» ሲለው «የፈታው ይግጠመው» ብሎ ያኮርፋል። ሌላ መግዛት ለእሱ በልጁ ላይ አፈር መመለስ ነበር፤ ማን ደፍሮ ይድገመው?

አንድ ቀን ጎረቤታችን እማማ፣ ድሮ ወንድሜ በየዓመቱ ለግሸን ማርያም ንግሥ እስከ ተራራው ሥር ያደርሳቸው የነበሩት፣ ጓሯቸውን እንድናርምላቸው ጠሩን። ከጌሾው ሥር የእሾህ ክምር አለ።

«እዚያ እንዳትደርሱ! ፈንጂ ነው!»

ለካ ከጦርነቱ በኋላ ሲኮተኩቱ ዶማቸው ብረት ነክቶ፣ ያን ሁሉ ጊዜ አጥረው ሲጠብቁት ኖረዋል። ለምን አልተናገሩም ስንላቸው «ተናግሬ ጌሾዬን ይንቀሉብኝ?» አሉ።

ሚሊሻ ተጠራ፣ ሰፈሩ ሸሸ። ሚሊሻው በሆዱ ተኝቶ አፈሩን በጣቱ ጫረ። ከዚያ ሳቁን ሰማን። በላስቲክ፣ ከላስቲኩ ሥር ደግሞ በወንድሜ ሰማያዊ ሸሚዝ የተጠቀለለ ፖምፓ! በግሪስ ተለውሶ፣ ዝገት የሚባል አልነካውም።

አባቴ ታቅፎት መሬት ተቀመጠ። «አሳምሮ ደብቆታል፤ ያ አላህ፣ አሳምሮ ደብቆታል» እያለ አለቀሰ። እማማም «ስረግመው የኖርኩት የልጄን አደራ ኖሯል!» ብለው ደረታቸውን መቱ።

በሳምንቱ መካኒክ መጥቶ ገጠመው። ያረጀውን ናፍጣ ደፋ፣ በናፍጣ መስመሯ የገባውን አየር አወጣ፣ ባትሪ ተዋስን። አንዴ አሳለች፣ ሁለቴ አሳለች፤ በሦስተኛው «ቢስሚላህ» ጥቁር ጭስ ተፍታ ተነሣች። እማማ እልል አሉ።

አባቴ ዘወር ብሎም አላያት። ድሮ ወንድሜ ሞተር ሲያስነሣ የግቢውን በር የሚከፍት እሱ ነበር። እንደ ልማዱ ሄዶ ከፈተና ዞር አለ። መካኒኩ ወርዷል፤ መሪው ላይ ሰው የለም።

«ነይ ግቢ» አለኝ።

«እኔ? መንዳት መች አውቃለሁ?»

«ወንድምሽ ሐይቁ ዳር ሲያስተምርሽ ያላየሁ መሰለሽ?»

እማማን ጎኔ አስቀምጬ ቀስ ብዬ አወጣኋት። አባቴ አልተሳፈረም። በመስታወቱ ሳየው፣ የወንድሜን ሰማያዊ ሸሚዝ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ የከፈተውን በር ሳይዘጋ ይዞት ቆሞ ነበር።