ቀይ ፕላስተር የተለጠፈበት ሣጥን

ሰው ሥራ ይፈታል እንጂ ኢንዛይም ሥራ ይፈታል ብሎ ማን አሰበ! ጋሽ በረዶ ግን አንድ ሥራ ፈት ኢንዛይም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲንከባከብ ኖሯል።

«ጋሽ በረዶ» ያሉት የቤተ ሙከራው ሰዎች ናቸው፤ ማቀዝቀዣዎቹን የሚጠብቅ፣ ሴሎቹንም እሁድ ሳይቀር የሚመግብ እሱ ነዋ። «እሁድን እንኳ አታርፍም?» ሲሉት «ሴል ሰንበት አያውቅም» ይላል። እውነቱን ለመናገር ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤት የሚጠብቀው ሰው የለም።

ኢንዛይሙ ከፎስፋታዝ ወገን ነው። የነሱ ሥራ ከሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት የምትባል ቅንጣት መንቀል ነው። ይኼኛው ያዝ ያደርጋል እንጂ መንቀያ ጥርስ የለውም፤ በሙከራ ከሚሠሩት ጋር ማነጻጸሪያ ከመሆን አላለፈም። ስለዚህ የእሱ ዘረ መልና እሱ የተወገደባቸው ሴሎች በአንድ ሣጥን በርደው ተቀመጡ፤ በቀይ ፕላስተር ላይም «ሙት» ተብሎ ተጻፈ።

አንድ ሰኞ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተሯ ማቀዝቀዣው ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ቦታ ጠበበን። የማይሠራ ሁሉ እስከ ሐሙስ ይቃጠል። ከዚህ ሙት ጀምር።»

«እሱ እንኳ ቦታ አያጣብብም ነበር...»

«ጋሼ ሙት! ሬሳ ታቅፈህ ልትኖር ነው?»

ሳቀላት። ሣጥኑን ግን አልነካውም።

ለማንም ያልተነፈሰው ጉድ አለበት። ሙቱ በተወገደባቸው ሴሎች ውስጥ፣ ሙቱ ያዝ የሚያደርገው፣ እንዲታይ በአረንጓዴ እንዲያበራ የተደረገው ባልንጀራው ፕሮቲን ከሴሉ እምብርት ከኒውክለሱ ወጥቶ ሴሉን ሙሉ ተበትኖ አይቷል፤ አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ። ሙት ቢጎድል ምን ይጎድላል? «እጄ ቆሽሾ ነው» ብሎ ሳህኖቹን ደፋቸው፤ ለዶክተሯም «ሻጋታ ገባበት» ብሎ ዋሸ። ሣጥኑ ከተቃጠለ ነገሩን የሚያጣራ አይኖርም። ከተናገረ ደግሞ የሃያ ስድስት ዓመት መታመኑ ገደል ይገባል፤ ከዚያ ሌላ ምን አለው?

ረቡዕ ሣጥኑንና ያየውን የመዘገበበትን ደብተር ይዞ ቢሮዋ ገባ።

«ዶክተር፣ ሻጋታ አልነበረም።»

«የቱ?»

«ሦስቱም። ዋሽቼዎት ነው።»

ደብተሩን ገልጣ አነበበች። ፊቷ ጠቆረ።

«ሦስቴ አይተህ ዝም?»

«በሙት የተነሣ ምን ይለወጣል ብዬ...»

«ድገመው። አጠገብህ ቆሜ።»

ሦስት ሳምንት ፈጀ። ማይክሮስኮፑ ሥር አረንጓዴው እንደ ተደፋ ምስር ተበትኗል። ሙቱን መልሰው ሲያስገቡ ግን፣ ይኸውላችሁ፣ አረንጓዴው ተሰብስቦ ኒውክለሱ ውስጥ ገባ! ለካ ባይነቅልም ባልንጀራውን ይዞ ቤቱ ያስቀምጠው ኖሯል።

ዶክተሯ ፕላስተሩን በጥፍሯ ላጠችው። «ሣጥኑ ይቆያል» አለች። ቀጥላም፣ ሳታየው፣ «ደብተርህን ግን ከእንግዲህ በየሳምንቱ አያለሁ።»

አመሻሹ ላይ የቤቱን በር ከፈተና ጫማውን ሳያወልቅ፣ ሚስቱ ያለች ይመስል፣ «አንቺ፣ ሥራ አለው እኮ!» አለ። ከዚያ ታላቅ እህቱ ጋ ደወለ።

«እትዬ፣ ያ ሙት ያልኩሽ ኢንዛይም ሥራ አለው!»

«ምን ይሠራል?»

«ይይዛል።»

«መያዝ ብቻ?»

«ብቻ።»

«እሰይ። በል እራትህን ብላ» ብላ ዘጋችው።

እሱ ስልኩን እንደያዘ እራቱን ሊያሞቅ ወደ ወጥ ቤት ገባ።