አንድ ትሪ፣ ከዴም እስከ መደኒ

አርብ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ

የካርቱሙ ሰፈራችን ዴም ገና አልነቃም። የተከራየነው ሚኒባስ በራችን ላይ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። የልጄ የኑሩ የቅርጫት ኳስ ቡድን መደኒ ከተማ ሊጫወት ነው፤ እኔ ስንቅ ይዤ እከተላለሁ። ሪያድ ሰፈር የምሠራበት ቤት እመቤት ፈቃድ ሰጠችኝ፤ አላህ ይስጣት።

ከልጆቹ ሁሉ ረጅሙ ቢኒያም ነው። ክርስቲያንም እሱ ብቻ ነው። እናቱ ዘውዴ ከእኛ ጋር አንድ ግቢ ትኖራለች። ዐቢይ ጾም ስለሆነ ልትለቀው አልፈለገችም ነበር። በሩ ላይ እጄን ያዘችኝ።

«ዘሀራ፣ እስከ ስድስት ሰዓት እህል አይቀምስም። ከዚያም ወዲያ የፍስክ ነገር በአፉ እንዳይዞር። ጾሙን ከገደፈ ኳሱ በዚያው ያበቃል።»

«አደራሽን ተቀብያለሁ» አልኳት።

«ያላ፣ ያላ!» አለ ሾፌሩ። ዐም ኡስማን፣ አጎት ኡስማን እንለዋለን።

ካምሊን

በግራ አባይ፣ በቀኝ ቦይና የጥጥ ማሳ። የሳቢሳ ወፎች ከላም ኋላ ይሄዳሉ። ነጭ ጀላቢያ የለበሰ ሽማግሌ አህያው ላይ ሆኖ እጁን አነሳልን።

ካምሊን ከተማ ላይ ቆምን። የተጠበሰ ዓሣ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ከካርቱም የረከሰ ትኩስ ዳቦ። ልጆቹ አዩ፣ አሸተቱ፣ ወደ መኪናው ተመለሱ።

«አትበሉም እንዴ?» አለ ዐም ኡስማን እንቁላሉን እየላጠ።

«ስድስት ሰዓት ሲሆን» አለው ኑሩ።

«የሚጾመው አንዱ ልጅ አይደለም?»

«ትሪው አንድ ነው፣ ዐሚ።»

ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። መንገድ ላይ ሁሉም መብላት የሚችለውን፣ ሁሉም መብላት በሚችልበት ሰዓት፣ ከአንድ ትሪ ይበላሉ።

ቢኒያም አፈረ። «ብሉ በቃ፣ ሆዳሞች!»

«በኋላ ኳስ ስትስት ‹ጾመኛ ነበርኩ› እንዳትለን ነው» አለው ኑሩ። ሁሉም ሳቁ።

መደኒ

ስድስት ሰዓት ሲሞላ ኒም ዛፍ ሥር ስንቄን ፈታሁ። ዳቦ፣ ምስር፣ ቲማቲም። ትሪው ወዲያው ጸዳ።

ቀጥሎ ጁምዓ ነበር። ልጆቹ መስጊድ ሲገቡ የመጫወቻ ጫማቸውን ለቢኒያም አስረከቡ። ከሶላት ስወጣ በጫማ ክምር መሀል ተቀምጦ አገኘሁት።

«ሌባ አልመጣም?»

«ይህን ሽታ የሚደፍር ሌባ የለም፣ እማማ።»

ከዐስር ሶላት በኋላ ጨዋታው ተጀመረ። የመደኒ ልጆች ቢኒያምን «ዘራፋ! ዘራፋ!» እያሉ ጮሁበት፤ ቀጭኔ ማለታቸው ነው። ቀጭኔው አስቆጠረባቸው። ወደ ማብቂያው ግን ጉልበቱ ከዳው። «አንተ ቅርጫቱ ሥር ቁም፣ ሩጫውን ለእኛ ተወው» አለው ኑሩ። የእሱን ሩጫ ተካፍለው ሮጡለት። በአንድ ኳስ ተሸነፍን። አልሐምዱሊላህ፣ የተጎዳ የለም።

የመደኒው አሰልጣኝ ኡስታዝ ከማል ሁላችንንም ቤታቸው ወሰዱን። ለእንግዳ ብለው በግ አርደዋል። ሥጋው ሩዝ ላይ ተከምሮ መጣ። ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ዙሪያውን ተቀመጡ። አንድም እጅ አልተዘረጋም።

ጭንቅ ያዘኝ። አርዶ ያቀረበን ሰው ማሳፈር ነውር ነው። አደራም አደራ ነው።

«ምነው ልጆቼ? ጨው አነሰው?» አሉ ኡስታዝ ከማል።

«ብሉ እንጂ፣ እኔ ዳቦ እበላለሁ» አለ ቢኒያም በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ። የሰማው አልነበረም።

«ዐሚ፣ አንዳችን ጾመኛ ነው» አለ ኑሩ በዐረብኛ።

«ማሻአላህ! ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ እንጠብቀዋለን!»

«ብትጠልቅም ሥጋ አይበላም። ክርስቲያን ነው፤ ጾማቸው ገና አላለቀም።»

«እናንተስ?»

«ትሪያችን አንድ ነው።»

ኡስታዝ ከማል ቢኒያምን አዩ። በጉን አዩ። ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ሀጃ!» ብለው ባለቤታቸውን ከጓዳ ተጣሩ። «ፉል አምጪ! የሰሊጥ ዘይት ብቻ፣ አይብ እንዳይነካው!» እጅጌያቸውን ሰብስበው ከልጆቹ መሀል ተቀመጡና በገዛ በጋቸው ፊት ፉል በሉ። አላህ ቤታቸውን ይሙላው።

መልስ

ሥጋውን ባለቤታቸው በድስት አድርገው ሰጡን። ሽታው መኪናውን ሞላው።

«እናንተስ ጹሙ፤ እኔ ምን በደልኩ?» እያለ ዐም ኡስማን አማረረ። ካምሊን ላይ አንድ ጭን ሰጠሁት። ከዚያ ድምፁ አልተሰማም።

ዴም ስንደርስ ዘውዴ በሩ ላይ ቆማለች። ቀድሞ የወረደው ድስቱ ነው። ፊቷ ተለወጠ።

«ዘሀራ፣ ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«በግ ነው። ልጆቹ አልነኩትም።»

«ወላሂ የበላሁት እኔ ብቻ ነኝ!» አለ ዐም ኡስማን ከመሪው ኋላ። «እነዚህ እብዶች በግ አስቀምጠው ፉል በሉ!»

ነገሩን ነገርኳት። ዘውዴ ልጆቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች።

«አንተ፣ ኳሱን ቀጥል» አለችው ልጇን። «እናንተ ደግሞ ለፋሲካ እኔ ቤት ናችሁ። ለእናንተ የሚያርድ ሙስሊም እጠራለሁ፤ ሁለት ትሪ አቀርባለሁ።»

ልጆቹ ተያዩ።

«አንድ ትሪ ነው፣ እትዬ» አለ ኑሩ።

«ይህን ሁሉ ቀን ጾሜ በፋሲካም ፉል ልብላ?» አለች ዘውዴ።

ልጆቹ አቀረቀሩ። ቢኒያም እንኳ መሬት መሬት ያያል።

«ዘውዴ» አልኳት፣ «ሞረዳ ገበያ የአባይ ዓሣ አለ። ዓሣን ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ ሳቀች። «እንግዲያውስ ቅቤ አብዝቼ!»

አላህ አባይን ሲፈጥር ይህንንም አስቦ ነው።