ወረቀቱ ምን ይላል?

ባለፈው ሳምንት አሶሳ ውስጥ ለአንገቴ ዕጢዎች የታዘዘልኝን ክኒን ስቀበል ፋርማሲስቷ፣ «ውስጡ ያለውን ወረቀት ብዙ አያንብቡት፣ ያስፈራዎታል» አለችኝ። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ከምግብ ጋር ይዋጥ፣ አይሰበር፤ ሊያስመልስ ይችላል፤ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ከልክ በታች ከወረደ ከንፈር ይደነዝዛል፣ ጡንቻ ይኮማተራል፣ ሰውነት ይንቀጠቀጣል። ብዙ ሰው ይህን ከክስ ማምለጫ ወሬ ይለዋል። እኔ ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ ጽሑፍ ብዙም አላነበብኩም።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ መንጌ ወረዳ ውስጥ አስተማሪ ሳለሁ የተከራየሁት ሐጂ ኢድሪስ ግቢ ነበር። ባለቤታቸው እማማ ሃዋ እንቅርታቸውን አዲስ አበባ አስወጥተው መመለሳቸው ነበር። ቢላዋው የደምን ካልሲየም የሚቆጣጠሩትን እነዚያን የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ የአንገት ዕጢዎች አብሮ ስለወሰዳቸው ካልሲየም በየቀኑ ይውጡ ነበር። ማንጎው ገና ጥሬ ሳለ ረመዳን ደረሰ። በዋዜማው እማማ የክኒኑን ወረቀት ይዘው ደጃፌ ላይ ቆሙ።

«መምህር፣ ወረቀቱ ምን ይላል? ጾም ይከለክላል?»

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉ የጉንዳን እግር ያክላል። እኔ ደግሞ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ አጋምሼ መጨረሻው አስቸኩሎኛል። ሁለት መስመር አየሁና፣ «ምንም አይልም፤ ክኒኑን የጾሙ ወር ሲያልቅ ይቀጥላሉ» አልኩ። ወረቀቱን ለመጽሐፌ ዕልባት አደረግሁት። በምላሹ የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ላኩልኝ። ጥርግ አድርጌ በላሁ።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጩኸት ሰማሁ። እማማ ሃዋ ግቢው መሀል ወድቀዋል፤ ጣቶቻቸው ተቆላልፈዋል፣ መንጋጋቸው ተጋጥሟል፣ ጀርባቸው ተለጥጧል።

«ጂን ገባበት» አሉ ሐጂ፣ በዚያ ወንድና ሴት በማይለይ አማርኛቸው። «እግር ያዝ።»

ያዝኩ። የሐጂ ወንድም ሙሳ ጂኑን ሊያስወጣ በቀርከሃ ይመታቸው ጀመር። ትከሻቸውን፣ ጀርባቸውን፣ እኔ የያዝኩትን እግር። ቀርከሃው ተሰነጠቀ፤ ስንጥሩ ሥጋ ይዞ ተነሣ። እንደገና ሲንቀጠቀጡ ምላሳቸውን ነከሱት፤ ደሙ እጄ ላይ ፈሰሰ። ያን ጊዜ ዕልባቴ ትዝ አለኝ።

ሮጥኩ። በሦስተኛው መስመር ላይ ነበር፤ በድንገት አይቋረጥ፣ መንቀጥቀጥ ያመጣል።

«ሐጂ፣ ያስቁሙት፤ ጂን አይደለም። ክኒኑን ስላቆሙ ነው።»

«አንተ ምንም አይልም አላልክም?»

«አላነበብኩትም ነበር።»

ሙሳ ዞረ። «ጂኑ ይሄ ነው» አለና ወረቀቱን የያዘውን እጄን በቀርከሃው መታው። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁት። ሁለተኛው ምት ግንባሬን ከፈተው። ሦስተኛውን ሐጂ ያዙት፤ ሴትዮዋን በአልጋ ተሸክመን ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነበረብን።

የካልሲየም መርፌው ደም ሥራቸው ውስጥ ገብቶ ጥቂት ሳይቆይ ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ተፈቱ። በማግስቱ ሊጠይቋቸው የመጡት ሼኽ ግራ ገባቸው፤ በሽተኛ እንዳይጾም ሃይማኖቱ ራሱ ይፈቅዳል። ሃዋን ለሞት ያቀረባቸው የተማረው ሰው ነበር። ሰዉ ግን እስክለቅ ድረስ ወረቀት ይዞልኝ ይመጣ ነበር፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሳላነብ መልስ አልሰጠሁም።

ዛሬ ጠዋት ከንፈሬን ደነዘዘኝ። ያቺን ተጣማ የቀረች ጣቴን በክኒኔ ወረቀት በየመስመሩ እየጎተትኩ ፈለግሁ፤ ለሐኪም ወዲያው ይነገር፣ ይላል። አንድ ገጽ ብቻ የቀረውን መጽሐፌን ገጥሜ ጫማዬን አደረግሁ።